«ገለበጠ» ወይስ «ቀዳ»? በቪዲዮ አቀናባሪዎች የዲስክ አያያዝ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን በሚመለከት በእንዲህ ያሉ ገጾች የሚቀርቡ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚነሡት ከባዕድ ቃል ነው። አንድ የውጭ ስያሜ ይቀርባል፤ ፍቺው ይብራራል፤ አቻ ሊሆኑት ይችላሉ የተባሉ የግእዝና የአማርኛ ቃላት ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ከእነርሱ አንዱ ይመረጣል። ሥርዐቱ ጠቃሚ መሆኑን አንክድም፤ እኛም ለብዙ ዓመታት ስንሠራበት ኖረናል። ይሁን እንጂ የተመረጠው ቃል በሠራተኛው ጆሮ ከገባ በኋላ በእጁ ምን እንደሚያሠራው መከታተል የተለመደ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ጉዞውን ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምራል። የሚነሣው ከአንድ የሥራ ቤት፣ ከአንድ ትእዛዝና ከአንድ ጥፋት ነው።

የሥራ ቤቱ የሚገኘው በእንፍራንዝ ነው። እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከእርሷ ብዙ ሳይርቅ ከኮረብታ ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚመለከተው፣ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ጋር ስሙ የሚነሣው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይገኛል። እኛ ግን ወደዚያ የሄድነው ፍርስራሽ ለማየት ሳይሆን የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ የሚያነሡና የሚያቀናብሩ ሙያተኞች በሥራ ላይ ሳሉ የሚነጋገሩባቸውን ቃላት ለመሰብሰብ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ዋናው ዕቃ ካሜራው ይመስላል። ጥቂት ቀናት ተቀምጦ ያየ ግን፣ የቤቱ ሀብትም ሥጋትም ያለው በጠረጴዛው ዳር በአጭር ገመድ በተንጠለጠለው፣ እነርሱ «ኤክስተርናል» በሚሉት ዲስክ ውስጥ መሆኑን ይረዳል።

የዚህን ምክንያት በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚመዘግብ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ሁለት ካሜራዎች በአንድ ሰርግ ላይ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀርጹ 180 ጊጋባይት ይሆናል። ከሦስትና ከአራት ሰርግ በኋላ የኮምፒዩተሩ የራሱ ዲስክ ይጠብባል። ስለዚህም ሥራው ሁሉ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተር ወደ ተነቃይ ዲስክ፣ ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው መመላለስ ይሆናል። ይህ መመላለስ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ያንኑ 180 ጊጋባይት በቀድሞው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ፣ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ እያስኬዱ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በዩኤስቢ 3.0 ገመድ፣ በሰከንድ 120 ሜጋባይት በሚጽፍ ዲስክ ላይ ግን 25 ደቂቃ ይበቃል። ሠራተኛው የሚቸኩለውና የሚሳሳተው በዚህ ጊዜ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም በዚሁ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንለፍ። የአንዱ ቤት ባለቤት እንደ ነገሩን፣ በጥር ወር ከተቀረጸ አንድ ሰርግ ሲመለሱ ለረዳታቸው «ካርዱን ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጠው» ብለውት ወጡ። ወጣቱም በኮምፒዩተሩ ላይ ፋይሎቹን ሁሉ መርጦ፣ ቆርጦ፣ በዲስኩ ላይ ለጠፋቸው። ኮምፒዩተር ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ሲያዛውር አስቀድሞ ይቀዳል፤ ቀጥሎ ምንጩን ያጠፋል። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ አልከፈት አለ፤ ማሳያውም «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ አወጣ። ወጣቱ የተበላሸው የሚቃና መስሎት እሺ አለ። በሳምንቱ መጨረሻ በዚያው ዲስክና በዚያው ካርድ ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ተጻፈበት።

ከዚያ ሰርግ የጠፋው የሙሽራዋ አያት ምርቃት ነበር። አያትዮው በሚያዝያ ዐረፉ። ቤተ ሰቡ ድምፃቸውን የሚሰማበት ሌላ ቅጂ የለውም። ባለቤቱ ገንዘቡን መልሰዋል፤ የሚመለሰው ግን ገንዘቡ ብቻ ነው። ወጣቱን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «ጋሼ ገልብጠው አሉኝ፤ እኔም ገለበጥኩት።»

አንባቢ ይህን የብልሃት ማነስ ወይም የመብራት ጥፋት ብቻ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። እኛ ግን ከወጣቱ መልስ ላይ ቆመን ቀረን፤ ምክንያቱም በአማርኛ ሰዋስው ወጣቱ አልተሳሳተም።

«ገለበጠ» የሚለው ግስ በቀዳሚ ፍቺው ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ ማድረግ ነው። ቂጣ ይገለበጣል፤ መኪና ይገለበጣል፤ መንግሥትም ይገለበጣል። ከዚህ ተነሥቶ የያዘውን አውጥቶ ማፍሰስ የሚል ፍቺ ያገኛል፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፈውን መኪና «ገልባጭ» የምንለው፣ ጠላውን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰውን ሰው «ዋንጫውን ገለበጠው» የምንለው በዚህ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ጽሑፍን ከአንዱ ወደ ሌላው መጻፍ የሚል ፍቺ አለው፤ ተማሪ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም በግርጌው «ግልባጭ» የሚደርሳቸውን ይዘረዝራል። በሁለተኛው ፍቺ ዕቃው ባዶ ይቀራል፤ በሦስተኛው ግን ምንጩ እንዳለ ነው። ጽሑፍ በሚገለበጥበት ዘመን ይህ መደራረብ ጉዳት አልነበረውም፤ ደብዳቤ ቢገለበጥ ዋናው ባዶ ወረቀት ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ሰው የለምና። ካርድ ግን እንደ ዋንጫም እንደ ደብዳቤም ነው፤ ዕቃ ስለሆነ ባዶ ይሆናል፤ ጽሑፍ ስለያዘ ይባዛል። ስለዚህ «ካርዱን ገልብጠው» የሚለው ትእዛዝ ሁለት እኩል ትክክል የሆኑ፣ ውጤታቸው ግን የሚቃረን ሥራዎችን ያዛል። ባለቤቱ የደብዳቤውን አሰቡ፤ ወጣቱ የዋንጫውን ሰማ።

መድኀኒቱን ፍለጋ ወደ ግእዝ መዛግብት መውረድም፣ ወደ ባሕር ማዶ መሻገርም አያስፈልግም። ካሴት በነገሠበት ዘመን የሙዚቃ ቤቶቻችን ለዚሁ ሥራ ስም አውጥተውለት ነበር፤ ይኸውም «ቀዳ» ነው። ዘፈን ከሸክላ ወደ ካሴት ይቀዳ ነበር፤ ድምፅ ይቀዳ ነበር። ግሱ በግእዝ «ቀድሐ» ሲሆን ውኃ መቅዳት ከቀዳሚ ፍቺዎቹ አንዱ ነው። ከእርሱ የድርጊቱ ባለቤት «ቀጂ»፣ የድርጊቱ ውጤት «ቅጂ» ይወጣሉ፤ «ደ» ወደ «ጀ» የተለወጠው በአማርኛ ባለ «ኢ» ቅጥያ ፊት እንደ ወትሮው ሁሉ ነው። ስለዚህ «ቅጂ» ከዚህ ግስ መወለዱ ግልጽ ነው። ሕጋችንም ቃሉን ተቀብሎታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከነስሙ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

የ«ቀዳ» ብልጫ ግን በእድሜው ወይም በሕጋዊነቱ ላይ አይደለም። ብልጫው ስለ ምንጩ በሚናገረው ነገር ላይ ነው። ከምንጭ ውኃ የቀዳች ሴት እንስራዋን ሞልታ ትሄዳለች፤ ምንጩ ግን በቦታው ይኖራል። የጣና ዳር ሰው ሐይቁ ተቀድቶ ያልቃል ብሎ አይሠጋም። «ካርዱን ወደ ኤክስተርናሉ ቅዳው» የተባለ ረዳት ካርዱን ባዶ ለማድረግ የሚያበቃ ፍንጭ ከቃሉ አያገኝም። በአንጻሩ ፋይሉ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው እንዲቀመጥ፣ በቀድሞው ቦታ እንዳይቀር ሲፈለግ «አዛወረ» የሚል የታወቀ ግስ አለን። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ መምህር በደብረ ታቦር አይገኝም፤ ይህን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያሻም። «ቀዳ» እና «አዛወረ» አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ልዩነታቸው ይጎላል። «ገለበጠ» ግን በሁለቱ መካከል ገብቶ ድንበሩን ያፈርሳል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ውስጥ «ገለበጠ»ን ለፋይልና ለካርድ መጠቀም እንዲቀር እንጠይቃለን።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንሸጋገር። በእንፍራንዝም ሆነ በባሕር ዳር ቤቶች «ባካፕ» የሚለው የውሰት ቃል በየአፉ አለ። ውሰት በመሆኑ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ፍቺው በመንገድ ላይ በመለወጡ ነው። በመነሻው «ባካፕ» ዝምድናን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ዋናው በሌላ ቦታ ሲኖር ለእርሱ መድን እንዲሆን የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ማለት ነው። በቤቶቹ ግን ቃሉ የዕቃ ስም ሆኗል፤ ተነቃይ ዲስክ ሁሉ «ባካፕ» ይባላል። «የፋሲካው ሰርግ የት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ባካፕ ላይ ነው» የሚል መልስ ደጋግመን ሰምተናል። ዋናውስ ወዴት አለ ብለን ስንጠይቅ ኮምፒዩተሩ ላይ ቦታ ስለጠበበ ተሰርዟል ይሉናል። እንግዲህ በዲስኩ ላይ ያለው ብቸኛው ቅጂ ነው፤ ብቸኛ ቅጂ ደግሞ በምንም መንገድ ባካፕ ሊሆን አይችልም። ወንድምና እኅት የሌለው ሰው ብቻውን ቆሞ ወንድም አይባልም። ቃሉ ግን ባለቤቱን ያረጋጋዋል፤ ጥበቃ ሳይኖር ጥበቃ ያለ ያስመስላል።

በአማርኛ በተዘጋጁ የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ላይ ለዚሁ ጽንሰ ሐሳብ የተሰጠው ስያሜ «ምትኬ» ነው። ቃሉ ለጆሮ የሚጥም፣ በፊደል አጭር፣ ከ«ተካ» የወጣ የራሳችን ቃል ነው። የመረጡትን ሰዎች ድካም እናከብራለን። ሁለት ነቀፌታ ግን አለን።

የመጀመሪያው ሰዋስዋዊ ነው። «ምትኬ» ማለት «የእኔ ምትክ» ማለት ነው፤ በመጨረሻው ያለው «ኤ» የመጀመሪያ መደብ ባለቤትነትን ያመለክታል። ስለዚህ «የእርስዎ ምትኬ» ሲባል «የእርስዎ የእኔ ምትክ» ማለት ይመጣል። ቃሉ እንደ ተጸውዖ ስም ደርቆ ካልተወሰደ በቀር በሌላ መደብ ሊረባ አይችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታ የከበደው ነው። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች በሀገራችን የሚወጡት ለማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ልጅ ወይም ወላጅ ከሞተ በኋላ ለተወለደው ነው። ምትክ ከማጣት በኋላ የሚመጣ መጽናኛ ነው። በዲስክ አያያዝ ግን የምንፈልገው ከማጣት በፊት የሚደረገውን ነው፤ ከማጣት በኋላ ልቅሶ እንጂ ምትኬ አይገኝምና። ቃሉ ጊዜውን አዛብቷል። የተጻፈውን ያልነካው ሰው «ከጠፋ ምትኬ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢያስብ ከቃሉ ጠባይ ጋር ተስማማ እንጂ አልተቃረነም።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሕያው አማርኛ ያዘጋጀው ቃል «መጠባበቂያ» ነው። ሹፌር መጠባበቂያ ጎማ ሳይዝ ረጅም መንገድ አይወጣም፤ ሠራዊት ተጠባባቂ ጦር አለው፤ በኳስ ሜዳም ተጠባባቂ ተጫዋች በዳር ይቀመጣል። በሦስቱም አነጋገር ውስጥ ዋናው አለ፤ መጠባበቂያው ከዋናው የተለየ ነው፤ የሚዘጋጀውም ጉዳት ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። የፎገራ ገበሬ ለከርሞ የሚዘራውን ሩዝ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የቸገረው ቀን እንኳ ዘሩን ለመብላት ልቡ አይፈቅድለትም። ፅንሰ ሐሳቡ በሀገሩ አለ፤ የጎደለው ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘው ስም ብቻ ነው። «ባካፕ ላይ ነው» ያለውን ሙያተኛ «መጠባበቂያው ላይ ነው» እንዲል ብናደርገው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የምኑ መጠባበቂያ?» የሚለው ይሆናል። ጥሩ የሙያ ቃል እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያስነሣል።

የጣና አካባቢ ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በጦርነትና በሁከት ዘመናት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ከየብስ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እየተወሰዱ ይጠበቁ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን ማሸሽና መቅዳት የተለያዩ ናቸው፤ የሸሸው መጽሐፍ አሁንም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ሌላውን መንገድ አሳይቷል። ብራናዎቹ በየቦታቸው ሳሉ በፊልም ተቀዱ፤ የፊልሙም ቅጂ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ዛሬ የዲጂታል ፎቶግራፍ ባለሙያዎች፣ በተለይም አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ተመሳሳይ ነገር ያዝዛል፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይቀመጥ ይላል። ለእንፍራንዝ አነስተኛ ቤት የሦስት ዲስክ ዋጋ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢያንስ ግን ሁለት ዲስክ ይዞ፣ ሁለተኛው ቅጂ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ካርዱን አለማጽዳት በሁሉም አቅም ይቻላል።

ስለ ዕቃው ስም ጥቂት እንበል። ገጾቹ ዲስክ የሚሠራበትን ዕቃ «አንጻፊ» ይሉታል። ሥሩ በግእዝ «ነጸፈ»፣ በአማርኛ «ነጠፈ» ነው፤ ምንጣፍና ንጣፍ ከዚሁ ወጥተዋል። አንጻፊ እንግዲህ «የሚያነጥፍ» ማለት ነው። በዲስክ ላይ ምን እንደሚያነጥፍ የነገረን የለም። ይባስ ብሎ በከብት አርቢ ሀገር «ነጠፈች» የሚባለው ወተቷ ለደረቀ ላም ነው፤ የፎገራን ላም ለሚያልብ ሰው «አንጻፊ» የሚያደርቅ ዕቃ ሆኖ ቢሰማው አንፈርድበትም። ቃሉ ግን ማንንም ሲያሳስት አላየንም፤ በቤቶቹ ውስጥ የሚናገረው የለምና። «ሃርድ ዲስክ»፣ «ኤክስተርናል»፣ «ፍላሽ» የሚሉት ውሰቶችም ቢሆኑ ማንንም አያሳስቱም፤ ጣት ተቀስሮባቸው የሚጠሩ ዕቃዎች ናቸው። በጽሑፍ አማርኛ ካስፈለገ «ተነቃይ ዲስክ» ከ«ውጫዊ አንጻፊ» ይሻላል፤ ዲስኩ ሊነቀል የሚችል መሆኑን፣ ሊነቀል በመቻሉም ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ይናገራልና።

ከዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ይወጣል። የስያሜ ሥራችን እስካሁን በስሞች ላይ አተኩሯል፤ ለዕቃ ሁሉ አቻ ስንፈልግ ደክመናል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ ዘርፎች መሠረት የጣለ ታላቅ ሥራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዩኤስቢ ገና ብቅ ማለቱ ስለነበረ የዛሬውን ጉዳይ ከእርሱ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየገጹ የወጡት ስያሜዎች ግን ያንኑ የስም ጥማት ወርሰዋል። ጉዳት የሚደርሰው በዕቃው ስም ሳይሆን በሥራው ግስ ነው። «ኤክስተርናል» ተብሎ የጠፋ ሰርግ የለም፤ «ገልብጠው» ተብሎ ግን ጠፍቷል።

ሌሎች ሁለት ግሶችም ይህንኑ ያሳያሉ። ዲስክ ከኮምፒዩተር ከመነቀሉ በፊት ለኮምፒዩተሩ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በማስታወሻው ይዞ ገና በዲስኩ ላይ ያልጻፈው ሊኖር ይችላልና። ገጾቹ ይህን «አስወጣ» ይሉታል። ሠራተኛው ግን ማስወጣት ማለት መንቀል ነው ብሎ ይረዳል፤ ገመዱን ይስባል፤ ዲስኩም ወጣ። ቃሉ ሥራውን ከመንቀል አልለየውም። እኛ «ማሰናበት» የሚለውን እናቀርባለን። በሀገራችን እንግዳ ሳይሰናበት አይሄድም፤ ባለቤቱም ያላለቀ ነገር ካለ «ትንሽ ቆዩ» ይላል። ኮምፒዩተሩም ሥራ ላይ ከሆነ የሚለው ይህንኑ ነው። «አሰናብተህ ንቀል» የሚለው ትእዛዝ ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ አስቀምጦ ቅደም ተከተላቸውን ይናገራል። «አሰናበተ» ከሥራ ማስወጣትንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በዐውዱ ግን የሚያሳስት ሆኖ አላገኘነውም።

የ«ፎርማት» ጉዳይ ተቃራኒ ትምህርት ይሰጣል። ገጾቹ «ቅርጸት» ብለውታል። ቅርጽ መስጠት መልካም ነገር ይመስላል፤ ቃሉ የሚያስጠነቅቅበት አንዳች ምልክት የለውም። በከተማ አማርኛ ግን «ፎርማት አደረገው» ማለት ያለውን ሁሉ አጠፋው ማለት ሆኗል። እዚህ ላይ ውሰቱ ከተፈጠረው ቃል ይበልጣል፤ ያስፈራልና። የእንፍራንዙ ወጣት ማሳያውን በአማርኛ ቢያነበውና «ቅርጸት ይስጡ» ቢለው ኖሮ ይበልጥ ይደፍር ነበር እንጂ አይጠነቀቅም ነበር። ሥራውን በአማርኛ መግለጽ ካስፈለገ «አጥፍቶ ማደራጀት» ይባል፤ ጥፋቱ በመጀመሪያ ይነገር። በእርግጥ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ መረጃውን ወዲያው አይፍቅም፤ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በልዩ መሣሪያ ብዙውን መመለስ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከስሕተቱ በኋላ ዲስኩን ነቅሎ ያስቀምጠዋል። ያ ሰርግ በእርግጥ የጠፋው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን በሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ሰርግ ሲጻፍበት ነበር።

ከውሰት ቃላት ውስጥ እርማት የሚያሻው «ኦፍላይን» ነው። የቅንብር ፕሮግራም በፕሮጀክቱ ውስጥ ፊልሙን አይዝም፤ ወደ ፊልሙ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ይመዘግባል። ዲስኩ ከተነቀለ ወይም አቃፊው ስሙ ከተለወጠ መንገዱ ይቋረጥና በማሳያው ላይ «ኦፍላይን» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። አንዳንድ ጀማሪዎች ኢንተርኔት የተቋረጠ መስሏቸው ሲጠብቁ አይተናል። «ምንጩ አልተገኘም» ቢባል የሚፈለገው ምን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ «ምንጭ» ደግሞ ከ«ቀዳ» ጋር አብሮ የሚሄድ ስም ነው።

በሐሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እንገምታለን። አንደኛው፣ «ምትኬ» በሚሊዮን ስልኮች ላይ ስለሰፈረ ጊዜው አልፎበታል የሚለው ነው። በስልክ ላይ መጠባበቂያው በራሱ ጊዜ ስለሚቀዳ የቃሉ ጉድለት እምብዛም አይጎዳም፤ በዚያ ይኑር ብንል አይከፋንም። ሰው በእጁ በሚሠራበት ቤት ግን ቃሉ ሥራውን ሊያስታውሰው ይገባል። ሁለተኛው ተቃውሞ የሚበረታ ነው፤ ሙያተኛው ቃላቱን ከሥራ ባልደረቦቹ ይማራል እንጂ ከመጽሔት አይማርም የሚል ነው። ይህን እንቀበላለን። ስለዚህም ካቀረብናቸው ቃላት አንዱንም አልፈጠርንም። «ቀዳ» ከካሴት ቤት፣ «አዛወረ» ከመሥሪያ ቤት፣ «መጠባበቂያ» ከጋራዥ፣ «አሰናበተ» ከእንግዳ መቀበያ የተወሰዱ ናቸው። የእኛ ድርሻ ያሉትን ቃላት ከየቦታቸው ጠርቶ በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ በሙያ ማሠልጠኛዎችና በየስቱዲዮው ሥልጠና የሚሰጡ ሁሉ እነዚህን ግሶች ለይተው ቢያስተምሩ ቃላቱ በራሳቸው እግር ይሄዳሉ።

እንግዲህ ለውይይት የምናቀርባቸው ቃላት በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦

ቀዳ፦ ምንጩን ሳይነካ ሌላ ቅጂ አወጣ። ውጤቱ ቅጂ።

አዛወረ፦ ከአንድ ቦታ አንሥቶ በሌላ ቦታ አስቀመጠ፤ በቀድሞው ቦታ አይቀርም።

ዋና፦ ሥራ የሚሠራበት ቅጂ።

መጠባበቂያ፦ ዋናው በሌላ ዲስክ ላይ እያለ ለጉዳት ጊዜ አስቀድሞ የተቀዳ ቅጂ። ዋናው ከጠፋ ወይም ከተሰረዘ ይህ ስም ለቀሪው ቅጂ አይሰጥም።

ተነቃይ ዲስክ፦ በገመድ ተያይዞ የሚሠራ፣ ሊነቀል የሚችል ዲስክ። በንግግር «ኤክስተርናል» ማለት አይነቀፍም።

አሰናበተ፦ ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት የተጀመረው ጽሕፈት እንዲያበቃ ኮምፒዩተሩን አዘዘ።

አጥፍቶ ማደራጀት፦ ፎርማት።

ምንጩ አልተገኘም፦ ፕሮጀክቱ የሚፈልገው ፊልም በተመዘገበው መንገድ ላይ አለመኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ።

እንደገና በእንፍራንዝ ስናልፍ ወደዚያው ቤት ጎራ ብለን ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ዲስኮች አየን። በአንዱ ላይ በወፍራም ብዕር «ዋና»፣ በሌላው ላይ «መጠባበቂያ» ተጽፎባቸዋል። ረዳቱ ካርዱን ይዞ «ጋሼ፣ ልገልብጠው?» ሲል ሰማን። ባለቤቱ ከማሳያው ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ «ቅዳው» አሉት፤ ጥቂት ቆይተውም «ሁለቱም ላይ» ብለው ጨመሩበት።